የወንጭፉ ጫፍ

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በምትወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ስልኳ ላይ የሣለችውን ታያለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማነው ይሄ ማማ ላይ የቆመው?»

«ወፍ ጠባቂ ነው አባባ፤ በወንጭፍ ሲወረውር። እኔ ነኝ የሣልኩት። ኢንተርኔት ላይ ስለጥፈው ሁሉም ‹ዋው!› አሉኝ።»

«ማሽላውስ ያምራል። እጁ ግን ልክ አይደለም።»

«አንድ ሰውዬም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።»

«ምን አልሽው?»

«ምቀኛ ነው ብዬ ብሎክ አደረግሁት። ሁለተኛ እንዳይጽፍልኝ ዘጋሁበት።»

«እኔንስ ምን ልታደርጊኝ ነው?»

ሳቀች። «እሺ፣ እጁ ምን ሆነ?»

«ድንጋዩ ሄዷል፤ እሱ ግን የወንጭፉን ሁለቱንም ጫፍ እንደጨበጠ ነው። ሳይለቅ በምን ወጣ?»

«አንዱን ይለቃል እንዴ?»

«አንዱን ጣትሽ ላይ ታጠልቂዋለሽ፣ አንዱን ትለቂዋለሽ። ይኸው፣ በፎጣዬ እዪ።»

«ውይ! እጅዎን እንደዚያው ያቆዩልኝ፤ አሁኑኑ ላስተካክለው።»

«ቶሎ በይ ታዲያ፣ ክንዴ ዛለ። ለሰውዬውም ክፈቺለት።»

«መጀመሪያ ይሄን ልጨርስና።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል፣ ሥዕሉ ሲያልቅ ልይ ብዬ አለፍኩት።