የንጋት ጨረር

አቶ ቢያዝን ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከማያውቋት ወጣት ጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ሰው ቦታ አለ!» እያለ ገፍቶ አስገባቸው። በመስኮቱ በኩል ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ ዘጠኝ ወር የሞላትን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈዋል። የሕፃኗ ስም ማስተዋል ነው። እናቷ፣ የሁለቱ አንድያ ልጅ፣ ሞጣ ላይ በአጭር ሕመም ካረፈች አራት ወሯ ነው። አባቷ ከመንገድ የማይመለስ ሾፌር ስለሆነ አያቶቿ ሊያሳድጓት ወደ ቢቸና ይዘዋት እየሄዱ ነው።

መኪናው ከከተማው እንደ ወጣ ማስተዋል አለቀሰች። ወይዘሮ ይርጋነሽ ከጉያቸው ስልክ አውጥተው ነካ አደረጉና በነጠላው ሥር ከጆሮዋ ላይ ለጠፉት። «እሹሩሩ… እሹሩሩ…» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ሕፃኗ ወዲያው ዝም አለች።

ወጣቷ ይህን አይታ ጥቂት አመነታች። ጸደንያ ትባላለች፤ ከሐዋሳ መጥታ በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስልኩን ከጭንቅላቷ ራቅ ብታደርጉት ጥሩ ነበር።»

«ለምን ልጄ? ድምፁ በዛ?»

«ድምፁስ ምንም አይል። ስልክ ጨረር አለው። የሕፃን የራስ ቅል ስስ ነው፤ አንጎሏም ገና በማደግ ላይ ነው።»

አቶ ቢያዝን በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ የወጡ ሰው ናቸው። ቅኔውን ቢተዉትም ቅኔው አልተዋቸውም።

«ለመሆኑ የንጋት ጨረር ልጅ ይጎዳል?» አሉ።

«የጧት ፀሐይማ ለሕፃን ደግ ነው፤ እኔ የምለው የስልኩን ነው» አለች ጸደንያ። ሰሙን ይዛ ወርቁን ሳተችው።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እሳቸውን ተያቸው ልጄ። ንጋት ልጃችን ናት። ስልኩም፣ ይህ የምትሰሚው ድምፅም የሷ ነው። አርፋለች።»

ጸደንያ አፏን በእጇ ያዘች። «እግዜር ያጥናችሁ። አላወቅሁም።»

«አለማወቅሽ ምን ኃጢአት አለው?» አሉ አቶ ቢያዝን። «እኔም ግራ ገብቶኛል። የልጃችን የሞጣ ጎረቤት ውበቴ ስልክ አንጎል ይቀቅላል ትላለች። አንድ መምህር ደግሞ ተራ ወሬ ነው አለኝ። አንቺስ ይጎዳል ነው የምትይ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ጎረቤቷ አጋንነዋል፤ አንጎል አይቀቅልም። ብዙ ተመራማሪዎች ፈትሸዋል። ይጎዳል ብሎ የቆረጠ የለም፤ በሕፃንነቱ ስልክ ከጆሮው የተለጠፈበት ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላም ምንም አይሆንም ብሎ የቆረጠም የለም።»

«ታዲያ አንቺ ራስሽ የማታውቂውን ነገር እንድፈራ ትመክሪኛለሽ?»

«ወንዝ ሞልቶ ጥልቀቱን ካላወቁት ልጅ አዝለው ይገባሉ?»

«አልገባም። መጀመሪያ በዱላ እለካዋለሁ።»

«ተለክቶ እስኪታወቅ ከዳር መቆም ፈሪ አያሰኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

«እሱን እንኳ ከእኛው ነው የሰማሽው!» አሉ፤ ፈገግም አሉ።

ብዙ ሰው «አላውቅም» የሚል አዋቂ አይወድም። አቶ ቢያዝንን ግን ያለዘባቸው ይኸው ነበር። ልጃቸው በታመመች ጊዜ ሁሉም አውቃለሁ ባይ ነበር፤ አንዱ ጠበል፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ክኒን ሲል ቀኑ አለቀ። የማታውቀውን አላውቅም የምትል ሴት ስታገኝ፣ አውቃለሁ የምትለውን ማመን ይቀላል።

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ስልኩ ጨረር የሚያወጣው ከኔትወርክ ማማው ጋር ሲነጋገር ነው። ኔትወርክ በደከመበት፣ እንደዚህ ባለ መንገድ፣ ማማውን ለማግኘት አጥብቆ ይጣራል። ይቺን የአውሮፕላን ምልክት ከነካናት ግን ዝም ይላል።»

«አውሮፕላን? ተሚኒባስ ላይ ተቀምጠን?»

ከኋላ ያለ ተሳፋሪ ሳቀ። ጸደንያም ሳቀች። «ስሙ ነው እንጂ አይበርም። ኔትወርኩን ማቋረጥ ነው።»

አቶ ቢያዝን ስልኩን ከሕፃኗ ጆሮ ነጥቀው በሁለት እጃቸው ከደረታቸው ላይ አጣበቁት። «አይሆንም!»

«ለምን አባባ?»

«ኔትወርክ ከተቋረጠ ድምጿ በየት ይመጣል?»

የሳቀው ተሳፋሪ አንገቱን ደፋ።

አቶ ቢያዝን ልጃቸውን በእጃቸው አፈር አልብሰዋል፤ መሞቷን አልዘነጉም። ነገር ግን ንጋት ሞጣ ከገባች ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምጿ የሚመጣላቸው በኔትወርክ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ትጠፋለች፤ ሲመለስ «አባዬ፣ እንዴት ዋላችሁ?» ትላለች። ከሞተች ወዲያም ያው ድምፅ ከስልክ ሲወጣ፣ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀው አያውቁም። መልሱን ፈርተው ይሆናል።

«አባባ፣ ድምጿ ከሩቅ አይመጣም» አለች ጸደንያ ቀስ ብላ። «ንጋት ራሷ ቀድታ እዚሁ ውስጥ አስቀምጣዋለች።»

«ይህንስ እርግጠኛ ነሽ? ወይስ እንደ ጨረሩ ነው?»

«ይህንን አውቀዋለሁ።»

ስልኩን የሰጧት ብዙ ቆይተው ነው። ምልክቷን ነካች፤ ከላይ የነበሩት የኔትወርክ መስመሮች ጠፉ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ከሕፃኗ አርቃ በአያትየው ጉልበት ላይ አኖረችው። አቶ ቢያዝን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሹሩሩ… እሹሩሩ…»

ማስተዋል አንገቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

«እንዲህ ካደረጋችሁ ጭንቅላቷ ከማይታወቅ ነገር ይርቃል» አለች ጸደንያ። «የሚደውል ሰው ከእንቅልፏ አያባንናትም። ባትሪውም ይቆያል። መደወል ስትፈልጉ ምልክቷን ማጥፋት፣ ልጅቷን ከጎን ማራቅ ነው። ደግሞ ስልክ ወድቆ ይሰበራል፤ ቢቸና ስንገባ ድምፁን ሚሞሪ ካርድ ላይ እናስገልብጠው።»

«ይገልበጥ» አሉ አቶ ቢያዝን። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ይርጋነሽ፣ እዚሁ ነበረች እኮ። እኔ ከሩቅ የምትጣራ መስሎኝ…»

«እኔም» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ኔትወርኩ መጣና የተሳፋሪው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮህ ጀመር። የንጋት ስልክ ብቻ ማንንም ሳይጣራ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በአባቷ ጉልበት ላይ ሆኖ ልጇን ማባበሉን ቀጠለ።