የተፋቀው ድንበር

ሰው ሁሉ «መጋዙ» ይላቸዋል፤ አርባ ዓመት ግንድ ሲሰነጥቁ የኖሩ ጣውላ ሠሪ ናቸው። አንድ ማለዳ ጫካቸው ዳር ቆመው ከዛፎቻቸው ላይ ቀይ ቀለም በቢላዋ ሲፍቁ፣ የወንድማቸው ልጅ ካርታ በብብቷ፣ የቀለም ጣሳዎች በእጇ ይዛ ድንገት ከች አለች። በደን ጽሕፈት ቤት መሬት ለኪ ናት።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ዛፍም መላጨት ጀመሩ?»

«ይህን ቀለም እስካይ ድረስ ደህና ነበርኩ። የትኛው የማይረባ ነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ክው አሉ። «የገዛ ሥጋዬ! ከሟች ባለቤቴ ጋር የተከልኩትን ለመንግሥት ልታስወስጂብኝ?»

ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ካርታውን ጉቶ ላይ ዘረጋችው። «ይዩ፣ ቢጫው የመንግሥት ደን ነው። አረንጓዴው የወል ነው፤ መንደሩ ተስማምቶ ይጠቀምበታል። ቀዩ የግል ነው። የፋቁት የራስዎን ድንበር ነው! ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት ቤታችን መዝጋቢዎች ሲመጡ ምልክት የሌለውን የወል ብለው ይጽፉታል። ከዚያ የመንደሩ ሰው ተራ ይዞ ቢቆርጠው መከልከል አይችሉም።»

መጋዙ ካርታው ፊት ቁጭ አሉ። ክርክር ግን ከቁርሳቸው አብልጠው ይወዳሉ። «ጎረቤቴ ድንበሬን አሳምሮ ያውቀዋል። ካርታ ለምኔ?»

«እሳቸውስ ያውቃሉ። ሁለታችሁም ስታልፉ ለልጆቻችሁ ማን ይመሰክራል?»

«እሺ፣ የግሌ ከሆነ እንዳሻኝ ልቁረጠው?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የማን ነው የሚለውና ለምን ይውላል የሚለው ለየብቻ ነው የሚጻፈው። ወንዙ ዳር ያለው ሃያ ሜትር የእርስዎ ነው፤ ግን አይቆረጥም፣ ነጭ ይቀባል። የወንዙ ዳር ዳገት ሲራቆት ደለሉ የሚወርደው ታች ያሉት ሰዎች የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ነዋ።»

አጎት ቀና ብለው ወደ ላይ አዩ። የላይኛውን ዳገት በወጣትነታቸው የመለጡት እሳቸው ነበሩ፤ ውሃው ሲደፈርስም «ዝናቡ ነው» ብለው ሽምጥጥ አድርገው ክደዋል። ዛሬ ሐፍረት ተሰማቸው፤ ቢዘገይም ደግ ሐፍረት ነው።

እውነትም ድንበሩ የተመዘገበ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ዛፍ እንጂ ክስ አይደለም፤ አጠቃቀሙ ሲለይለትም የላዩ ነዋሪ ሲያተርፍ የታቹ አይጎዳም።

«በይ ብሩሹን አምጪው» አሉ መጋዙ።

እስከ ቀትር የፋቁትን ሁሉ መልሰው ቀቡ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ነጩን አነሡ፤ ሃያ ሜትሩን ጨርሰውም ቀጠሉ። የሚቀቡት ለጣውላ የደረሱትን ምርጥ ምርጦቹን ነበር።

«አጎቴ፣ ልኩን አልፈዋል እኮ!»

«አውቃለሁ። የራስዎ ነው ብለሽኝ የለ? እንግዲህ ከራሴ ላይ ነው የምሰጠው። ጻፊው።»