ምስጢር የሌለበት ንግድ

ሽልማቱ ሃምሳ ሺህ ሽልንግ ነበር። ከናይሮቢ የመጣች ልጅ የሞያሌ ነጋዴዎች የንግዳቸውን እውቀት እንዴት እንደሚይዙና እንደሚያካፍሉ እየዞረች ትለካለች፤ እውቀቱን ሳይደብቅ በማካፈል አንደኛ የወጣ ይሸለማል። እኔ ዘንድ የደረሰችው ከብት ተራ፣ ከደንበኛዬ ከሐጂ ጋልጋሎ ጋር ስከራከር ነው። ተመልካች ዋጋውን እንዳያውቅ እጃችንን ፎጣ ስር ከተን በጣት እንነጋገራለን። መቶ ፍየሎቼን አንዱን በሺህ አምስት መቶ ሊወስድ ምንም አልቀረውም።

«አባባ፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ነገር አለ?» አለችኝ።

እጄን ከፎጣው ስር መዘዝኩና «እኔ ዘንድ ምስጢር የለም፤ የጠየቀ ሁሉ ይነገረዋል» አልኳት። ብዕሯ ሲሮጥ ደስ አለኝ።

ሐጂ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲህ ከሆነማ ወንድሜ፣ እነዚህን ፍየሎች ጎልቦ ቆላ ድረስ ወርደህ በስንት ገዛሃቸው?»

ልጅቷ ብዕሯን አንስታ ጠበቀችኝ። እሱም ጺሙን እያሻሸ ጠበቀኝ።

«በስምንት መቶ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አላህ ይስጥህ! መቶ ጨምሬልሃለሁ።»

ገበያው ሁሉ ሰምቶ ስለነበር ከዚያ በላይ የሚሰጠኝ ጠፋ፤ በዘጠኝ መቶ ሸጥኩለት።

አንደኛ ወጣሁ። ሃምሳ ሺህ ተቀበልኩ፣ በፍየሎቹ ስልሳ ሺህ ቀረብኝ። እንግዲህ አንደኛነቱን በአስር ሺህ ሽልንግ ገዛሁት ማለት ነው፤ እሱንም መልሶ የሚገዛኝ አላገኘሁም።