ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጣ ሰዓት እላፊ

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከጎረቤቴ ከአቶ መኳንንት ጋር ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ወጥተን ወደ ኮልፌ ስንመለስ፣ በመንገድ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ላይ አዲስ ወረቀት በምስማር ተመትቶ አገኘን። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ወረቀት የማይለጠፍበት ዛፍ የለምና መለጠፉ አላስገረመኝም። ያስደነገጠኝ ቃሉ ነው። «ምሽቱ ብሩህ እንዲሆን ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋ» ይላል። እኔ ትምህርት ቤቴ እስኪዘጋብኝ ድረስ መምህር የነበርኩ ሰው ነኝ። ብዙ ትእዛዝ አንብቤአለሁ፤ በፀሐይ ላይ የሚያዝ ግን አይቼ አላውቅም።

ለአቶ መኳንንት ባነበብኩላቸው ጊዜ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ። እኒህ ሰው የደብሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ካህናቱ እንኳ ያለ ምክራቸው ነገር አይቆርጡም። ሰዓት የሚያውቁት በሜዳ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ነው።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ። «ኢያሱ ፀሐይን ያቆማት በጸሎት ነው። ይህስ በምስማር ነው?»

ይህን ሲናገሩ ደሜ ደረሰ። ደሜ የጎረቤታችን የዳባ ታናሽ ወንድም ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ አሁን ከጣሊያኖች የድንጋይ ካባ ላይ አስተርጓሚ ሆኗል። ጣሊያን የሚሠራውን ሁሉ የማይወድ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ግን ሊማረው የሚፈልግ ብላቴና ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ አይቆጡ። ሐሳቡስ መልካም ሐሳብ ነው» አለ።

«አስረዳና ልስማህ» አሉት፤ ሦስታችንም መንገዳችንን ቀጠልን።

«በፈረንጅ አገር በበጋ ፀሐይ ሰው ሳይነሣ ትወጣለች፤ ያ ብርሃን በከንቱ ይባክናል። ሰዓቱ ሲገፋ ሰው ሳያውቀው ቀድሞ ይነሣል፣ ማታ ከሥራ ሲመለስም ገና ቀን ነው። ላምባ ይቆጠባል፣ ተማሪ በብርሃን ያጠናል፣ ሠራተኛ ጅብ ሳይወጣ ቤቱ ይገባል። በዚህ ምን ክፋት አለበት?»

«የኛ ሰው ዶሮ ሲጮኽ ይነሣል። የትኛውን ብርሃን አባከነ? ደግሞ ክረምት ከበጋ ቀኑ ብዙም በማይበላለጥበት አገር ከየት ተቆርጦ ለየት ይቀጠላል? ሠራተኛው ቀድሞ ይግባ ቀድሞ ይውጣ በሉት፤ ሰዓቱን ማስዋሸት ለምን?»

«አንድ ሰው ብቻውን ቢቀድም ወፍጮውም ገበያውም ተዘግቶ ይቆየዋል። አገር በሙሉ በአንድነት ሲቀድም ግን ይሠምራል። ሰዓት ስምምነት ነው፣ አባቴ።»

ይህ መልስ እውነት ለመናገር ልቤን ነካው። አቶ መኳንንት ግን ሳቁ። «ስምምነት! ከማን ጋር ተስማሙ? እኔን የጠየቀኝ የለም።»

እንዲህ እየተከራከርን ከአቶ መኳንንት አጥር በር ደረስን፤ የኔም ቤት አጥር ለአጥር ነው። ደሜ ሊሰናበት ሲል ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለውና ፊቱ ተለወጠ።

«አባቴ፣ ነገ ስቅለት ሕዝቡ ከስግደት በስንት ሰዓት ይወጣል?»

«ይህም ይጠየቃል? ጌታ ወደ መቃብር በወረደበት፣ በአሥራ አንድ።»

«በእርስዎ ጥላ አሥራ አንድ ሲሆን በዚህ ወረቀት እኮ አሥራ ሁለት ነው! ሰዓት እላፊውም አሥራ ሁለት!»

ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ከምሽቱ አሥራ ሁለት በኋላ ከደጅ በተገኘ ሰው ላይ ሜዳውን የሚጠብቁት ወታደሮች ይተኩሳሉ። ያ ሁሉ ምእመን፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ከነልጁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ ሲጓዝ በጠራራ ብርሃን ሰዓት እላፊ ሊይዘው ነው!

«ነገ በአሥር ሰዓት ይበተኑ ይበሉልን» ሲል ደሜ ለመነ። «እርስዎ ከተናገሩ ካህናቱ ይሰማሉ።»

«የመድኃኔዓለምን ሥርዓት ለፋሽስት ምስማር አላፈርስም!» አሉ አቶ መኳንንት። «ፀሐይ ሳለች ቀን ነው። ፀሐይ ሳለች ሰው አይገድሉም፤ እነሱም ዓይን አላቸው።»

በዚህ መካከል የዳባ ሚስት ጉዲቱ እንስራዋን አዝላ መጣች። ነገ ስቅለት ሥራ ስለማይሠራ የሁለት ቀን ውሃ ዛሬ መቅዳት አለባት።

«አባባ፣ ወንዝ ወርጄ እመለስ እንደሆን ቀን ይበቃኛል ወይ? ሰዓት ተለወጠ ሲሉ ሰማሁ።»

አቶ መኳንንት ጥላቸውን በጫማቸው ለኩ። «ገና አሥራ አንድ መሆኑ ነው። ይበቃሻል፣ ሂጂ ልጄ።»

«እንዳትሄጂ!» አለ ደሜ። «በአዲሱ ሰዓት መሽቷል!»

ጉዲቱ ሰማዩን አየች፤ ፀሐይ ከወጨጫ ተራራ በላይ ናት። የባሏን ወንድም አይታ ሳቀች። «አንተ ደግሞ፣ ይህ ምሽት ነው?» አለችና ቁልቁል ወረደች። ደሜ ሊከተላት ቢነሣ አቶ መኳንንት ክንዱን ያዙት፤ «ተዋት፣ ሴቲቱን አታስደንግጥ» አሉ።

ጥይቱ የጮኸው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው።

አንድ ጥይት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። እስከ ዛሬ የማይለቀኝ የብርሃኑ ነገር ነው። ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል፣ ቁልቁል መንገዱ ላይ የወደቀው ነጭ ቀሚስ ይታያል፣ እኛ ግን ካጥር መውጣት አንችልም! በጨለማ ቢሆን «ጨለማ ነው» ይባላል። በፀሐይ የወደቀች ሴት በፀሐይ ማንሣት መከልከል ምን ይባላል? እግዚኦ!

የይለፍ ወረቀት የያዘ ደሜ ብቻ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እየጮኸ ወረደ፤ ጉዲቱን ተሸክሞ ተመለሰ። ነፍሷ አልነበረችም። ከዳባ ደጅ አስተኛትና ወንድሙ ሲወድቅባት ቆሞ አየ። ከዚያ ወደኛ መጥቶ፣ «ብሩህ ምሽት መልካም ነው አልኩኝ» አለ። «ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ።»

አቶ መኳንንት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። «ጥላው ልክ ነበር» አሉ። «ልክ ነበር፣ ገደላት። እኔ ገደልኳት።»

«የገደላት ጠመንጃ የያዘው ነው፣ አባቴ።»

«ይሁን። ግን አንተ ነገርከኝ፣ እኔ አልሰማሁም። ፀሐይ የእግዚአብሔር ናት፤ ሰዓት ግን የሰው ነው፣ ክፉም ሰው ይይዘዋል። ይህን በነጻ መማር እችል ነበር። አሁን የነሱን ሰዓት አስተምረኝ።»

ደሜም አስተማራቸው። በጥላቸው ላይ አንድ መጨመር ብቻ ስለሆነ ለመማር አልከበዳቸውም፤ የከበዳቸው ማልቀሱን ማቆም ነበር።

በማግሥቱ ጉዲቱን በማለዳ ቀበርናት። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረስምና በሆሣዕና አስቀድሞ ለሁሉም የተጸለየው ፍትሐት ይበቃታል ተባለ። ከዚያ አቶ መኳንንት ከስግደቱ መካከል በሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ትናንት አንዲት እናት በኔ ግትርነት ወድቃለች። ዛሬ በፀሐይ አሥር ሲሆን ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ሂዱ። የቀረውን ስግደት በየቤታችሁ ፈጽሙ። ሥርዓት ሰው ሲኖር ነው። ከዛሬ ጀምሮም በየቀኑ በዚሁ ሰዓት ደወል ይደወላል፤ እንጨት ለቀማ የወጣ፣ ገበያ የዋለ፣ ደወሉን ሲሰማ ይመለስ።»

አንዳንዱ አጉረመረመ። የደብሩ አስተዳዳሪ ግን መስቀላቸውን አንሥተው «ይሁን» አሉ። ያ ደወል በኛ በኩል ምን ያህል ሰው እንዳተረፈ ለመናገር አልችልም። ከጉዲቱ በኋላ ግን ሰዓቱን ባለማወቅ ከሠፈራችን የወደቀ ሰው የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ሰዓት ይለወጥ ወይስ አይለወጥ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ አቶ መኳንንት በዚያ ስቅለት ከስግደቱ ወደ ቤት ስንጣደፍ ለደሜ ያሉትን እነግርሃለሁ። «አገራችን ስትመለስ የሚጠቅም መስሎ ከታያችሁ ለውጡት፤ እኔም አልቃወምም። ብቻ ውሃ የሚቀዱትን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ለሁሉም አስተምሩ፤ ብሩህ ያላችሁትም ምሽት ለሁሉም ይሁን።» ደሜ ይህን ሰምቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

በፀሐይ አሥራ አንድ ሲሆን ኮልፌ በሩን ዘግቶ ነበር። ወታደሮቹ በተረፋቸው ብርሃን ሜዳው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። በዚያን ጊዜ ከአቶ መኳንንት ቤት «ኪርያላይሶን» የሚል ድምፅ ተነሣ። ከኔ ቤት ተከተለ፣ ከዳባ ቤት ተከተለ፣ እየቀጠለ ከሠፈሩ ሁሉ ጉልበት መሬት ሲነካ ተሰማ። ኳሱ ቆመ። ጠባቂዎቹ ጠመንጃ ይዘው መንገዱን ላይና ታች ሮጡ፤ የሚይዙት ሰው አላገኙም።