የእንግዴ ልጁ ባልዲ

(ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ረፋዱ ላይ፤ አዋላጇ ሲስተር ሰዓዳ፣ ልጃቸው ሽታዬ ገና አሁን የወለደችላቸውን እማማ ትርንጎን ከማዋለጃው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አግኝታቸዋለች።)

ሰዓዳ፦ እማማ፣ ባልዲዋን ይስጡኝና ነገሩ እዚሁ ይብቃ።

ትርንጎ፦ የምን ባልዲ?

ሰዓዳ፦ ነጯን፣ ክዳን ያላትን። ጠረጴዛው ሥር አስቀምጬ ሕፃኗን ልጠቀልል ዞር ስል ባልዲዋም የለች፣ እርስዎም የሉ።

ትርንጎ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። አያትነቱን ገና ሳልጠግበው ሌባ አደረግሽኝ?

ሰዓዳ፦ ሌባ አላልኩዎትም።

ትርንጎ፦ ባልዲ ከሆነ የቸገራችሁ ነገ ከገበያ ገዝቼ አመጣለሁ። ቀዩን ትወጃለሽ ሰማያዊውን?

ሰዓዳ፦ ውስጧ ያለውን ነው የምወደው። የሽታዬን እንግዴ ልጅ።

ትርንጎ፦ እንግዴ ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የመንግሥት የሆነው? የቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ይቀብረዋል።

ሰዓዳ፦ ሌላ ጊዜ ቢሆን በእጄ አንስቼ እሰጥዎ ነበር፤ ለስንቱ ሰጥቻለሁ። የዛሬውን ግን ላብራቶሪ ይፈልገዋል። ጫማዎ ምን ነክቶት ነው?

ትርንጎ፦ ጭቃ።

ሰዓዳ፦ ከየት አገኙት?

ትርንጎ፦ የደሴ ልጅ ሆነሽ ጭቃ ከየት ይገኛል ትያለሽ?

ሰዓዳ፦ ጥፍርዎም ውስጥ አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ እማማ።

ትርንጎ፦ ተረትም ትችያለሽ ለካ። እናትሽ ናት ያስተማረችሽ?

ሰዓዳ፦ አያቴ ናት። እሷም እንደርስዎ ነገር ታዞር ነበር።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ሳላዞር ልንገርሽ። ሽታዬ ራሷ የተወለደች ጊዜ እንግዴ ልጇን ከጓሮዬ፣ ከጌሾው ሥር ነው የቀበርኩት። ይኸው ሠላሳ ዓመቷ፣ ራሷን እንኳ አሟት አያውቅም። የታላቅ ወንድሟን እንግዴ ልጅ ግን ወንዝ ዳር ጣሉትና ውሻ ጎተተው። ልጁ ጡት ሳይተው ሞተብኝ። የገደለብኝ ውሻው ነው እላለሁ፤ ሌላ ሰው ሌላ ይበል።

ሰዓዳ፦ ነፍሱን ይማረው።

ትርንጎ፦ አሜን። ስለዚህ የዚችን ለማንም አልሰጥም። አፈር ይብላው፤ በሽታዋንም አብሮ ይብላልን።

ሰዓዳ፦ በሽታዋን ማን ነገረዎ?

ትርንጎ፦ ሽታዬ። በአልትራሳውንድ አይተው፣ ገና ሳትወለድ ከኩላሊቷ በላይ እብጠት አለ፣ ካንሰር ይመስላል አሏት። እኔ እኮ ሳቅኩ። ጠላ ያልቀመሰ፣ ሰው ያላማ፣ ፀሐይ ያላየ ልጅ እንዴት ካንሰር ይይዘዋል?

ሰዓዳ፦ በስንት ዘመን አንዴ ይይዛል። ዶክተራችንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ አዲስ አበባ ደውሎ ነው የተማከረው።

ትርንጎ፦ ይሁን፣ ይያዝ። እብጠቱ ያለው ልጅቷ ሆድ ውስጥ ነው። ባልዲ ውስጥ ምን ታስሳላችሁ?

ሰዓዳ፦ ደሟ በእትብቷ በኩል እንግዴ ልጁ ድረስ ሲመላለስ ነው የከረመው። እብጠቱ ተበትኖ ከሆነ ፍንጩ እዚያ ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘ ደስ ይለናል፤ ምናልባት ቆርጦ ማውጣት ብቻ ይበቃታል። ከተገኘ ደግሞ ብርቱ መድኃኒት ዛሬ ነገ ሳይባል ይጀመራል። እርስዎ የቀበሩት ይህንን መልስ ነው።

ትርንጎ፦ ቀበርኩ ያልኩሽ መቼ ነው?

ሰዓዳ፦ አፈር ይብላው ያሉ ጊዜ።

ትርንጎ፦ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ነፍሱን ይማረው እያልሽ አለሳልሰሽ አወጣጣሽኝ።

ሰዓዳ፦ ነፍሱን ይማረው ያልኩት ከልቤ ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እርስዎ ደግሞ ጭራሽ አፈር አለበሱት።

ትርንጎ፦ ብታወጡትስ? ቆራርጣችሁ ትጥሉታላችሁ።

ሰዓዳ፦ የሚቆርጡት ጥቂት ጥቂት ነው። የቀረውን አስፈቅጄ ራሴ አመጣልዎታለሁ፤ ቃሌ ነው።

ትርንጎ፦ ቃልስ በላብራቶሪ ይመረመራል?

ሰዓዳ፦ የእኔን ይመርምሩት።

ትርንጎ፦ አይሆንም። ልጅቷን አፈሩ ይዟታል፣ ትድናለች። ስታለቅስ አልሰማሽም? እንደ አውቶቡስ ረዳት ነው የምትጮኸው።

ሰዓዳ፦ ሰማሁ፤ ጆሮዬ እስካሁን ያንቃጭላል። ሌላም ነገር አለ፣ እንዳላስፈራዎ ብዬ ነው የተውኩት።

ትርንጎ፦ እስካሁን ያላስፈራሽኝ መስሎሻል?

ሰዓዳ፦ እንግዴ ልጅ በሁለቱ መካከል ነው ያለው። አንድ ፊቱ ወደ ልጅቷ፣ ሌላው ወደ እናቷ። በሽታው ወደ እናት ይሻገራል ተብሎ ብዙም አይፈራም፤ እኔም አይሻገርም ብዬ ነው የማምነው። ግን ሳይታይ ለሽታዬ አንቺ ነጻ ነሽ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚነግራት የለም።

ትርንጎ፦ ሽታዬ ይህን ታውቃለች?

ሰዓዳ፦ ታውቃለች። እናቴ እንዳትሰማ አለችኝ።

ትርንጎ፦ እንዳትሰማ? እኔም እኮ ሽታዬ እንዳትሰማ ብዬ ነው ተደብቄ የቀበርኩት።

ሰዓዳ፦ ተገናኛችሁ። ክዳኗን ከፍተዋታል?

ትርንጎ፦ ምኑን ከፈትኩት? ውሻ እንዳያሸተው ከነክዳኗ በፌስታል ጠቅልዬ ነው ያስገባኋት።

ሰዓዳ፦ እንግዲያው አልረፈደም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። የት ነው፣ እማማ?

ትርንጎ፦ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከጥዱ ዛፍ ሥር። አካፋውን ለአትክልተኛው መልሼለታለሁ፤ ሮጥ ብለሽ ተዋሺው። እኔ እስክትመጪ በእጄ እጀምራለሁ።