ሰሟ የተፋቀች ጥይት

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ የተተኮሰች ቀልሃ አትጣልም ነበር። አባቴ ረሽ የሚሉት ጠመንጃ ነበረው፤ እና በተኮሰ ቁጥር ባዶዋን ቀልሃ ከሳር ውስጥ ለቅሞ ያመጣና ቤት ቁጭ ብሎ መልሶ ይሞላታል። ባሩድ ያደርጋል፣ ጨርቅ ይወትፋል። ለዝንጀሮ የሆነች እንደሆነ ድቃቂ እርሳስ ይጨምርባታል፤ ለሰርግ የሆነች እንደሆነ እርሳስ የላትም፣ ድምፅ ብቻ ናት። ታዲያ እንዳይምታታበት የሰርጓን አፍ በሰም ይደፍናታል። ሰም ያላት የሰርግ፣ ሰም የሌላት የዝንጀሮ። ምልክቱ ይኸው ነው፤ እና ለማንም አልነገረም።

ታዲያ የእኔ ሰርግ ደረሰ። ቤታችን እዚሁ ጋፋት፣ ሙሽራው የሚመጣ ከገሳይ በኩል። ያን ጊዜ የወንድ ወገን ከማዶ ሆኖ ይተኩሳል፣ የሴት ወገን ይመልሳል፤ ካልመለሰ 'ንቀውናል' ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የጎረቤታችን ልጅ እንዲያ ሆና ቀርታለች። እኔ ደግሞ ልጁን ደብረ ታቦር ገበያ አይቼው ወድጄዋለሁ፤ ዛሬ ምን አፍራለሁ፣ ወድጄዋለሁ።

ከማዶ ተኮሱ። ድው፣ ድው። አባቴ ዝናሩን አነሳ፤ አነሳና ደርቆ ቀረ።

"ሰሙን ማን ፋቀው?" አለ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "እኔ ነኝ። ለማርያም ጧፍ የተሳልኩትን ሰም ለጠመንጃ ያደርጉታል እንዴ? አንድ ሳላስቀር ፍቄ አነሳሁት።"

"ወይ አንቺ ሴት፣ አሁን የሰርጓን ከዝንጀሮዋ በምን ልለያት?"

አጎቴ ችኩል ነው፣ "ወደ ሰማይ ይተኩሷታ" ይላል። "ሰዉ ግቢውን ሞልቶት፣ ልጁ ሁሉ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ የት ነው ሰማዩ?" አለው አባቴ። ከማዶ እንደገና ተኮሱ፤ እኛ ዝም። እና የእነሱ ዘፈን ቆመ። እኔ እንደተከናነብኩ ቀረሁ አልኩ።

ታዲያ አባቴ ባዶ ጠመንጃውን ታቅፎ ወጣ። የሙሽራው አባት፣ ቁጡ ናቸው የሚባሉት፣ ከማዶ ወደ ደጃችን መጥተው በቅሏቸውን አቁመዋል።

"ምነው ዝም አላችሁን?"

"ጌታው፣ ጥይት አለኝ። እርሳስ ያላትና የሌላት ግን ተቀላቀሉብኝ። የሰው ልጅ ከማቆስል ነውሩን ልቀበል" አለና የሰሙን ነገር አንድ ሳይደብቅ ነገራቸው። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አባቴ ኩሩ ሰው ነበር።

ሰውየው "ሰሙን የፋቁት እመቤት የት አሉ?" አሉ። እናቴ ወጣች።

"የማርያምን ሰም ለባልዎ እንኳ አልተዉም?"

"አልተውኩም፣ ጌታዬ።"

"እኔ ሙሽራ የምፈልገው እንዲህ ካለ ቤት ነው" አሉና ከበቅሏቸው ወረዱ፤ ወርደው ግቢያችን ገቡ፣ ገብተው ከአባቴ ጎን ቆሙ፣ ቆመው በገዛ ጠመንጃቸው፣ የሰርግ መሆኗን በሚያውቋት ጥይት፣ ስለ እኛ ተኮሱልን። "የሴት ወገን መልሷል፣ ስሙ" ብለው ወደ ማዶ ተጣሩ። እልልታው ቀለጠ። እኔ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው።

አሮጊቷ ይህን ሲያወጉ፣ በመጪው ጥር የምታገባው የልጅ ልጃቸው ጣልቃ ገባች። "እምዬ፣ እነዚያ ጥይቶችስ?"

"በነጋታው አባቴ ገደሉ አፋፍ ላይ ጨረሳቸው። ዝንጀሮው የቱ የሰርግ እንደሆነ በምን ይወቅ? እስከ አጨዳ ድረስ ድርሽ አላለም።"

"በእኔ ሰርግ ግን መተኮስ ተከልክሏል።"

"እሰየው፣ ይከልከል" አሉና ሳቁ። "ተኩሱ ይቅርብሽ። እንዲያ ያለ አማት ግን አይቅርብሽ።"