ጠበል የገባው አባቴ

መርዶ ሊነግሩኝ ሲመጡ እኔ አባቴ ወዳለበት ጠበል ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ከኩዌት ደብረ ታቦር ገብቼ አንድ ሌሊት ማደሬ ነው። ኩዌት ሆኜ በደወልኩ ቁጥር አጎቴ "አባትሽ ጠበል ገብቷል፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም" ይሉኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ለአባቴ ያመጣሁለትን ካፖርት እንደታቀፍኩ ብከፍት፣ ግቢው ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ጎረቤቶች ተሞልቷል። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? አባቴ ከሞተ ከርሟል። "በሰው አገር ብቻሽን ሰምተሽ ምን ልትሆኚ?" አሉኝ አጎቴ እያለቀሱ።

ለቅሶው ጋብ ሲል የንስሐ አባታችንን ይዤ አፋጠጥኳቸው። "አባ፣ እኔኮ የሰው ማድ ቤት ቆሜ በየቀኑ 'አባታችን ሆይ' ስል የምለምነው አባቴን እንዲያድንልኝ ነበር። እናንተስ ሰዎች ናችሁ፣ ዋሻችሁኝ። እግዚአብሔር ግን አባቴ መሞቱን እያወቀ ለምን ዝም ብሎ አስለመነኝ?"

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። "እሱስ አባት አይደል ልጄ? ብቻሽን እንዳትሰሚው አዝኖልሽ ይሆናል።"

ሊያጽናኑኝ ነው፤ ገብቶኛል። ግን እንደ አጎቴ የሚደብቀኝን አባት ምን አደርገዋለሁ? እሱ እንኳ አይደብቀኝም ብዬ ነበር።

መጸለዩን አልተውኩም። ዛሬም "አባታችን ሆይ" እላለሁ። ዝም ሲለኝ ግን፣ ደግሞ ማን ሞቶብኝ ይሆን እላለሁ።